አመሉ የተለወጠ ፈረስ፦ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንዴት መፈለግ ይቻላል?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ፈረስ ብዙ ሥራ አለበት። መንዝ ላይ ሰው ገበያ ያደርሳል። አንጎለላና ጠራ ላይ አውድማ ገብቶ እህል ያበራያል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሪ ይስባል፣ ለጥምቀትና ለሰርግ ደግሞ ተሸልሞ ይወጣል። ይህ ፈረስ አንድ ቀን ኮርቻ አልጫንም ሲል፣ ጌታውን ሲነክስ ወይም በለመደው መንገድ ላይ ሲደነብር ሁለት መልሶች ቶሎ ይመጣሉ፦ "ጠግቦ ነው" ወይም "ዓይን አገኘው"። በሁለቱም ፍለጋው እዚያው ላይ ይቆማል። ከመጀመሪያው መልስ በኋላ ደግሞ አለንጋ ይከተላል።

የእኔ ምክር ይሄ ነው። አመሉ በድንገት የተለወጠ ፈረስ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ታሟል ብላችሁ ጀምሩ። ፈረስ በተፈጥሮው በአውሬ የሚታደን እንስሳ ነው። ደካማ መስሎ መታየት ስለማያዋጣው ሕመሙን ይደብቃል። ውሻ ሲያመው ይጮኻል፣ ፈረስ ግን ዝም ይላል። ሕመሙ የሚወጣው በአመሉ በኩል ነው። ስለዚህ የምንፈልገው በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ አካሉን፣ ቀጥሎ ዕቃውን፣ ከዚያ አካባቢውን፣ በመጨረሻም ራሳችንን።

1. ደህና ሲሆን እንዴት እንደሚሆን እወቁ

"ያልተለመደ" የሚባለው የተለመደው ሲታወቅ ነው። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፣ ለጥልቅ እንቅልፍ ግን መጋደም አለበት። በቀን በጠቅላላው የሚተኛው 3 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ጥቂት ተጋድሞ ብታገኙት አትደንግጡ። መሬት ላይ አንድ ጊዜ ተንከባሎ፣ ተነሥቶ አቧራውን ቢያራግፍም ደህና ነው። ድንጉላ የባዝራ ሽንት አሽትቶ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ሰማይ ቢያነሣ ጤነኛ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ላይ ቢፈነጭም ብርዱ ነው።

ፈረሱ ጤነኛ በሆነበትና ባረፈበት ቀን ሦስት ነገር ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። የአንድ ጎልማሳ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። የልብ ምቱን ለማግኘት ጣታችሁን ከታችኛው መንጋጋው አጥንት ሥር አስገቡ። አንድ ገመድ የመሰለ ደም ሥር እጃችሁ ላይ ይንከባለላል። 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። የውርንጭላ ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል።

ፋንድያውንም ልብ በሉ። ጤነኛ ፈረስ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥላል። ጠዋት በረቱን የሚጠርገው ልጅ ስለ ፈረሱ ጤና ከማንም በፊት ሊያውቅ የሚችለው ለዚህ ነው። ጠይቁት።

2. ሳትጠጉ እዩት

አመሉ የተለወጠ ፈረስ ጋ ሮጣችሁ አትሂዱ። ራቅ ብላችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተመልከቱት። የሰው መምጣት ብቻውን ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርገዋል።

ፊቱን እዩ። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የፈረስን የሕመም ፊት የሚለኩበት ዘዴ አውጥተዋል። ዋናዎቹ ምልክቶች ስድስት ናቸው፦ ወደ ኋላ የደረቀ ጆሮ፣ የጠበበ ዓይን፣ ከዓይን በላይ የተወጠረ ግንባር፣ ያበጠ የመሰለ የጉንጭ ጡንቻ፣ የተጨበጠ አፍና አገጭ፣ የተወጠረ አፍንጫ። አንዱ ብቻ ብዙ አይነግርም። ሦስት አራቱ አብረው ሲታዩ ግን ፈረሱ አሞታል።

አቋቋሙንም እዩ። የኋላ እግሩን አጠፍ አድርጎ ማሳረፍ ልማዱ ነው። የፊት እግሩን ወደ ፊት አውጥቶ ማሳረፍ ግን ሕመም ነው።

ከዚያ ስትጠጉ ድምፅ እያሰማችሁ በግራ ትከሻው በኩል ሂዱ። ፈረስ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ጠባብ ቦታና በቀጥታ ከኋላው ያለውን ነው። ብዙ ርግጫ የሚመጣው ከዚያ የኋላ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የሚንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ፈረስ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። "ጉሮሮው ላይ አጥንት ወይም እሾህ ተሰክቶ ይሆናል" ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ። ለይታችሁ እሰሩት፣ ልጆች አርቁ፣ ባለሙያ ጥሩ። ለሃጩ የነካችሁ ወይም የነከሳችሁ ከሆነ ቦታውን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

3. ከሆዱ ጀምሩ

የደጋ ፈረስ አመሉን ከሚለውጡት ሕመሞች መጀመሪያ የምመረምረው ሆዱን ነው። ቁርጠት የያዘው ፈረስ ወደ ጎኑ ዞሮ ዞሮ ያያል። በፊት እግሩ መሬት ይጭራል። ሆዱን በኋላ እግሩ ይረግጣል። ይተኛል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይንከባለላል፣ ሲነሣ ግን አቧራውን አያራግፍም። ያልበዋል። ከንፈሩን የሚያነሣውም ባዝራ በሌለበት ነው። ይህን ያየ ሰው "አበደ" ቢል አይፈረድበትም፤ ግን አላበደም።

ፈረስ ማስታወክ አይችልም። የገባው ሁሉ መውጫው አንድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የሆድ ሕመሙ ከላምና ከውሻ ይልቅ አስጊ የሚሆነው።

በእኛ አካባቢ ሁለት ወቅቶች አሉ ልብ የሚሉባቸው። አንዱ የብርድ ወራት ነው። ውኃው በረዶ ሲሆን ፈረስ ትንሽ ይጠጣል፣ የሚበላው ደግሞ ደረቅ የገብስ ገለባ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንጀቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ውኃውን ከምድጃ ዳር አቆይታችሁ ብርዱን ስበሩለት፣ ጥቂት ጨው አቅምሱት፣ ገለባውንም በውኃ ነስነስ አድርጉት። ሁለተኛው የአውድማ ወቅት ነው። ሌሊት ገመዱን በጥሶ የገብስ ወይም የስንዴ ክምር ላይ ያደረ ፈረስ ጠዋት ደህና ሊመስል ይችላል። ዘግይቶ ሆዱ ይነፋል። አንዳንዱም ኮቴው ይግላል፣ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ አልሄድም ይላል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ኮቴው ውስጥ ተቃጥሏል። እህል መብላቱን እንዳወቃችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ባለሙያ ጋ ድረሱ።

ለቁርጠት የምታደርጉት ይህ ነው። መኖውን አንሡ። ጆሯችሁን በግራም በቀኝም ሽንጡ ላይ አድርጋችሁ የአንጀቱን ጉርምርምታ አዳምጡ። ድምፅ ከሌለ መጥፎ ምልክት ነው። ድዱን በጣት ተጫኑ፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መቅላት አለበት። ሐምራዊ ወይም የጡብ መልክ ከያዘ አትዘግዩ። የልብ ምቱ ከ60 ካለፈም እንዲሁ ነው። በእርጋታ ጥቂት ማራመድ ይቻላል፣ ማስሮጥ ግን አይገባም። ዘይትም ሆነ አረቄ በጠርሙስ በጉሮሮው አታፍስሱ። ወደ ሳንባው ከገባ ከቁርጠቱ ቀድሞ ይገድለዋል።

4. አፉ፣ ዓይኑ፣ እግሩ

ልጓም አልጎርስ ያለ፣ ራሱን የሚያወዛውዝ ወይም ያኘከውን የሚጥል ፈረስ አፉን ያመዋል። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ብቅ እያለ ይሄዳል። እየተፋጨ ሲበላ የላይኛው በውጭ በኩል፣ የታችኛው በውስጥ በኩል ይሾልና ጉንጭና ምላስ ይቆርጣል። ፋንድያው ውስጥ ያልታኘከ ገብስ ካያችሁ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጥርሱን የሚሞርደው ባለሙያ ነው። በበጋ ከኩሬ ወይም ከምንጭ የሚጠጣ ከሆነ አልቅትንም አትርሱ። ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ቀጭን ደም የሚወጣ፣ ራሱን እየነቀነቀ የሚያንፍጥ ፈረስ ውስጡ አልቅት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

በአንድ በኩል ብቻ የሚደነብር ፈረስ ዓይኑ ይመርመር። እንባ፣ ጭጋግ፣ መጨፈን አለው? ቀስ ብላችሁ አንዱን ዓይን በጨርቅ ሸፍኑና መሬት ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ አሳልፉት። ከዚያ ጨርቁን ወደ ሌላው ዓይን አዛውሩት። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

እግር ላይ ኮቴውን አንሥታችሁ ጠጠርና ሚስማር ፈልጉ። ጓያ በሚዘራበት የጥቁር አፈር አገር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጓያ የበላ ፈረስ የኋላ እግሩ ይደክማል፣ ሲሮጥም ጉሮሮው እያንኮራፋ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሰነፈ ተብሎ የሚገረፈው አንዳንዱ ይህ ነው።

መላ አካሉ እንደ እንጨት የደረቀ፣ በድምፅ የሚንቀጠቀጥ፣ የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ወደ ውጭ የወጣ ፈረስ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል። ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አስገቡትና ባለሙያ ጥሩ። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ፈረስ ካተኮሰው፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ካበጠና ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ ደግሞ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ መሆኑን ጠርጥሩ። የሚያስተላልፉት ከምሽት እስከ ንጋት የሚነክሱ ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። ክትባት ስላለው ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት ጠይቁ።

5. ዕቃውን አውርዳችሁ ፈትሹ

ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን የሚያጥፍ፣ ሆዱ ሲታሰር የሚናከስ ፈረስ ምናልባት እውነቱን ነው። ገጣባ ቆዳው ከመላጡ በፊት ይጀምራል። ጫንቃውንና የጀርባ አጥንቱን ግራና ቀኝ በመዳፋችሁ ቀስ እያላችሁ ተጫኑ። ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ወይም ጀርባውን ካጎበጠ እዚያ ያመዋል። ድብዳቡን ገልብጡና እሾህ፣ የደረቀ ላብና ቋጠሮ ፈልጉ። ኮርቻው የአከርካሪ አጥንቱን መንካት የለበትም። የጋሪ ፈረስ ከሆነ የደረቱን ማሰሪያና የጋሪውን ሚዛን እዩ። ጭነቱ ወደ ፊት ሲያደላ ክብደቱ ሁሉ ጀርባው ላይ ያርፋል። የዛገ ወይም በሽቦ የተጠገነ ልጓም ጣሉት።

6. አካባቢውና ጓደኞቹ

ሌሊት የሚንቆራጠጥ ፈረስ የጅብ ሽታ አግኝቶት ይሆናል። ጓደኛው የተሸጠበት ወይም የሞተበት ፈረስ ያኮርፋል፣ ያስካካል፣ መኖ ይተዋል። ባዝራ በየ21 ቀኑ ገደማ ድንጉላ ስትፈልግ ለጥቂት ቀናት ትለዋወጣለች። እንጨት እየነከሰ አየር የሚውጥ ወይም ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ የሚውል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ታስሮ የሚውልና ግጦሽ ያጣ ነው። መፍትሔው ሣርና መፈታት ነው።

7. ራሳችሁን እዩ

በበርሊን ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር። መደመር ያውቃል፣ መልሱን በኮቴው ይመታል ተባለለት። በ1907 እ.ኤ.አ. ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ተመራማሪ ነገሩን አጣራ። ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያሳየውን ጥቃቅን የሰውነት ለውጥ ያነባል። ጠያቂው መልሱን የማያውቅ ሲሆን ሃንስም ይሳሳታል።

ፈረስ ሰውን እስከዚህ ድረስ ያያል። የተናደደ እጅ፣ የፈራ ትንፋሽ፣ አዲስ ነጂ ሁሉም ይገባዋል። አመሉ የተበላሸው ከማን ጋር ሲሆን ነው? ለአንዱ ገር፣ ለሌላው አስቸጋሪ ከሆነ ምክንያቱ ከሰውየው ጋር ነው።

8. ባለሙያ ስትጠሩ

ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ስትደውሉ "ፈረሴ ታመመ" ብቻ አትበሉ። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደበላ፣ መቼ ፋንድያ እንደጣለ፣ ሙቀቱንና የልብ ምቱን ንገሩ። በስልካችሁ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ፤ ባለሙያው ሲደርስ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላልና። ጠበል መውሰድ የፈለገ ይውሰድ፣ የባለሙያውን ጥሪ ግን በእሱ ምክንያት አያዘግይ። ላንቃ መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስ ግን ይቅር። በሽተኛ እንስሳ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

ሕመሙ ከዳነ በኋላም ፍርሃቱ ሊቀር ይችላል። ጀርባው ቢድንም ኮርቻ ማለት ሕመም እንደሆነ ያስታውሳል። መጀመሪያ ድብዳቡን ብቻ አሸትቱት፣ ከዚያ ጀርባው ላይ አድርጋችሁ ወዲያው አንሡ። ሲረጋጋ አንድ እፍኝ ገብስ ስጡት። በማግስቱ ኮርቻውን ሳትጠፍሩ ጫኑ። ሰው የሚወጣበት ቀን ዘግይቶ ይምጣ። በየትኛውም ደረጃ ላይ ጆሮውን ካጠፈ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለሱ፣ ጀርባውንም እንደገና በመዳፋችሁ ፈትሹ።