«ዘ» የምትገባበትና የምትቀርበት፦ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

በእንግሊዝኛ «ዘ» የምትሠራውን ሥራ በአማርኛ የሚሠራው ከቃሉ መጨረሻ የሚለጠፈው ምልክት ነው፦ በጉ፣ መኪናው፣ ላሟ። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አይገጣጠሙም፤ ስህተቱም የሚፈጠረው በማይገጣጠሙበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የከፋው ነጠላ ስምን ራቁቱን መተው ነው። «ውሻ ታማኝ ነው» ብለን ስለ ውሻ ዘር በሙሉ እንናገራለን። ይህን ቃል በቃል ወስዶ «ዶግ ኢዝ ሎያል» ማለት አይቻልም። በእንግሊዝኛ ሊቆጠር የሚችል ነጠላ ስም ከፊቱ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ»። ስለ ዘሩ በጠቅላላው ለመናገር ቀላሉ መንገድ ብዙ ቁጥር ማድረግና «ዘ»ን መተው ነው፦ «ዶግስ አር ሎያል»። እዚህ ላይ «ዘ ዶግስ» ካሉ ሰሚው «የትኞቹ ውሾች?» ብሎ ይጠብቃል። የማይቆጠሩትም እንዲሁ ናቸው። ቡና የሚወድ ሰው «አይ ላይክ ኮፊ» ይላል፤ የቀረበለት ስኒ ከቀዘቀዘ ግን «ዘ ኮፊ ኢዝ ኮልድ»።

«ቤቱ» የምናውቀው ቤት ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ቤትም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ አንዱን ምረጥ ይላል፦ «ዘ ሀውስ» ወይም «ሂዝ ሀውስ»። ሁለቱን መደረብ፣ ለምሳሌ «ዘ ማይ ብራዘር» ማለት፣ ፈጽሞ አይሆንም።

«ፀሐይ ወጣች» ስንል ምልክት አንጨምርም። እንግሊዝኛው ግን «ዘ ሰን»፣ «ዘ ሙን»፣ «ዘ ስካይ» ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያውቃት ፀሐይ አንድ ብቻ ናትና።

ለጸሎት የሚሄድ ሰው «ጎ ቱ ቸርች» ይላል። ጣሪያ ሊጠግን የሄደው አናጺ የሄደው ወደ ሕንፃው ስለሆነ «ዘ ቸርች» ማለት አለበት። ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ነው። ታሞ ለተኛ ሰው ብሪታንያውያን «ኢን ሆስፒታል»፣ አሜሪካውያን «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ፤ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ነው።

በተጸውዖ ስሞች ላይ ግን ብዙ ምክንያት መፈለግ አያዋጣም፤ መልመድ ይሻላል። ወንዝና ባሕር ይወስዳሉ፦ «ዘ አዋሽ»፣ «ዘ ሬድ ሲ»። ሐይቅና አንድ ተራራ አይወስዱም፦ «ሌክ ጣና»፣ «ራስ ዳሸን»፤ የተራራ ሰንሰለት ከሆነ ግን «ዘ ሰሜን ማውንቴንስ»። ኢትዮጵያና ኬንያ ያለ «ዘ»፤ «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»ና «ዘ ኔዘርላንድስ» ከነ«ዘ»። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ባዶውን ይጻፋል፤ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ግን በመሃሉ «ኦፍ» ስላለ «ዘ»ን ይጠራል። ቋንቋም «አምሃሪክ» ብቻ ሲሆን አይወስድም፤ «ላንጉዊጅ» ከተከተለው «ዘ አምሃሪክ ላንጉዊጅ» ይሆናል።

አነባበቡም ላይ አንድ ነገር አለ፦ በአናባቢ ድምፅ ከሚጀምር ቃል ፊት «ዚ» ትባላለች። የሚታየው ድምፁ እንጂ ፊደሉ አይደለም፤ ስለዚህ «ዚ አወር»፣ ግን «ዘ ዩኒቨርሲቲ»።