ጀርባ የማያጎብጥ ድስት፦ ብቻችሁን ተራራ ስትወጡ የማብሰያ ዕቃ እንዴት እንደሚመረጥ

የምኖረው ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ነው። ከቤቴ በላይ ያለው ዳገት እንጦጦ ላይ ያደርሳል። ቅዳሜ ሲሆን ቦርሳዬን አዝዬ እወጣለሁ። አንዳንዴ እዚያው እንጦጦ፣ አንዳንዴ መናገሻ ሱባ ደን፣ አቅም ሲኖረኝ ደግሞ ወጨጫ። አድሬ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነኝ።

ሦስት ሆናችሁ ስትሄዱ አንዱ ድስት ይይዛል፣ አንዱ ምድጃ፣ አንዱ ውሃ። ብቻችሁን ስትሆኑ ሁሉም እናንተው ጀርባ ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ባለ ሦስት ሊትር ድስት፣ መጥበሻ፣ ጀበናና ሁለት ሳህን ከቤት ይዤ ነበር። ዳገቱ መሃል ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ከጨለመ በኋላ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ስገዛ፣ ስለውጥ፣ ስመልስ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

1. ድስቱን ሳይሆን ምግቡን አስቀድሙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ድስት ይገዛል፣ ከዚያ ምን እንደሚያበስልበት ያስባል። በተቃራኒው ሂዱ።

በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ እሳት አይፈልጉም። አንድ ሌሊት ብቻ ለማደር እነሱ ይበቃሉ፤ ድስት ራሱ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ድርቆሽ፣ አጃና ኢንዶሚ የፈላ ውሃ ካገኙ ያልቅላቸዋል። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ገንፎ ግን እሳት ላይ መቆየትና መማሰል አለባቸው። ከሦስቱ የትኛው ውስጥ እንደሆናችሁ ከወሰናችሁ የዕቃው ግማሽ ጥያቄ ተመልሷል።

ከፍታውንም አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 3,000 ሜትር ላይ ስትደርሱ ወደ 90 ይወርዳል። ውሃው ይንተከተካል፣ ግን ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እሳቱን ብታጠነክሩት የምታባክኑት ጋዙን ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በሃያ ደቂቃ የሚበስል ክክ ተራራው ላይ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሽምብራና ባቄላ ጥሬውን ይዛችሁ አትውጡ። ሳይበስል ጋዛችሁ ያልቃል።

2. መጠን

ለአንድ ሰው ከ750 ሚሊ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ይበቃል። ውሃ ብቻ የምታፈሉ ከሆነ ትንሹ፣ ሽሮ የምትሠሩ ከሆነ ትልቁ። ሽሮ ሲፈላ ይፈናጠራል፣ ቦታ ይፈልጋል። ከአንድ ሊትር በላይ ለአንድ ሰው ትርፍ ሸክም ነው።

3. ከምን የተሠራ ይሁን?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ እኔን ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ ይሄ ነው።

ምርጫው ሦስት ነው፦ አሉሚኒየም፣ የማይዝግ ብረትና ቲታኒየም። የማይዝግ ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን በተመሳሳይ መጠን ከአሉሚኒየም ወደ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። መኪና ይዛችሁ ለምትሄዱ ጥሩ ነው። በእግር ለሚሄድ አልመክረውም።

ቲታኒየም ሰው ሁሉ የሚመኘው ነው። ብረቱ በራሱ ከአሉሚኒየም ይከብዳል፤ ግን በጣም ጠንካራ ስለሆነ ስስ አድርገው ይሠሩታል፣ በዚያ ነው ድስቱ የሚቀለው። ስታነሱት ባዶ ወረቀት የያዛችሁ ይመስላችኋል። አንድ ጓደኛዬ ከውጭ ያመጣውን አውሶኝ መናገሻ ሱባ ይዤው ሄድኩ። ማታ ሽሮ ለመሥራት ጣድኩ። እሳቱ ከሥር ትንሽ ክብ ነው፤ ድስቱም ስስ። እሳቱ የነካው መሃሉ ብቻ ወዲያው ይዞ አረረ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሽሮ ግን ገና ጥሬ ነበር። ባማስለውም አልዳነም። የአረረው ሽታ ሁሉንም በከለው። ሌሊቱን በሶ በጥብጬ ጠጥቼ ተኛሁ። በነጋታው ድስቱን ለመፋቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ የሰው ዕቃ ስለሆነም በጣም ነበር ያዘንኩት።

ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። አሉሚኒየም ሙቀትን ከቲታኒየም አሥር እጥፍ ያህል በተሻለ ያስተላልፋል። እሳቱ መሃሉን ሲነካው ሙቀቱ ወደ ጠርዝ ይሰራጫል። ቲታኒየም ላይ ግን ሙቀቱ የነካው ቦታ ላይ ይቀራል። ውሃ ለማፍላት ይሄ ምንም አይደለም፤ ውሃ ራሱ ይዟዟራል። ሽሮ ግን ወፍራም ነው፣ አይዟዟርም። ሥሩን ይዞ ያራል።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። ውሃ ብቻ ለምታፈሉና ገንዘቡ ላላችሁ ቲታኒየም። ምግብ ለምትሠሩ አሉሚኒየም፣ ያውም ሥሩ ወፈር ያለ። ሃምሳና ስልሳ ግራም ይጨምራል፣ ይጨምር። የበሰለ ሽሮ የሚበላ ሰው ያንን ክብደት አያማርርም።

ቲታኒየም ካላችሁና ሽሮ ካማራችሁ ግን መንገድ አለ። ቁሌቱን ቤት አብስላችሁ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙ። ምጥን ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ በጥብጡት፤ ደረቁን የፈላ ውሃ ላይ አትነስንሱ፣ ይቋጠራል፣ የተቋጠረው ሥሩ ላይ ተቀምጦ ያራል። እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ድስቱን ምድጃው ላይ እያንቀሳቀሳችሁ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን አስነኩት። እጃችሁ ከማማሰል አይረፍ። ሲፈላ አምስት ደቂቃ ካያችሁት በኋላ አውርዱት፣ ክደኑት፣ በሹራባችሁ ጠቅልላችሁ አስር ደቂቃ ተዉት። በራሱ ሙቀት ይበስላል፤ ጋዝም ይተርፋል። እኔ አሁን በአሉሚኒየሙም ላይ የማደርገው እንደዚሁ ነው።

አሉሚኒየም የት ይገኛል ብላችሁ አትጨነቁ። መርካቶ የቤት ዕቃ ሱቆች ውስጥ ሞልቷል። ስትገዙ ሥሩን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩት፤ ከገባ ተዉት። እጀታውን ከድስቱ ጋር የሚይዘው ምስማር (ሪቬት) ከውስጥ የሚያፈስ እንዳይሆን ውሃ ሞልታችሁ ፈትሹ።

ግን አንድ ነገር በጣም አደራ። ከተለያየ ቁርጥራጭ ቀልጦ በሻጋታ የተጣለ ወፍራም ድስት አለ። ርካሽ ነው፣ ያምራልም። ከምን እንደተቀላቀለ ግን አይታወቅም። እንዲህ ዓይነት ድስቶች እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ወደ ምግብ ሊለቁ ይችላሉ፤ ቲማቲምና ሎሚ ሲገባበት ይብሳል። ፋብሪካ ከአንድ ወጥ ዝርግ ብረት የሠራውን፣ ለስላሳውን ምረጡ። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ያሉትን ባለሙያዎች በጣም አከብራቸዋለሁ፤ ከጣሳ የማይሠሩት ነገር የለም። የንፋስ መከላከያዬን ከእነሱ ነው ያሠራሁት። ለምግብ ግን ድሮ ቀለም ይሁን ኬሚካል የነበረበት የማይታወቅ ጣሳ አልጠቀምም።

የማያስይዘው፣ ቴፍሎን የተቀባው፣ ለሽሮ ምቹ ነው። ግን ባዶውን እሳት ላይ አትተዉት። ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ ቅቡ መበላሸትና ጎጂ ጭስ መልቀቅ ይጀምራል፤ ትንሽ ስስ ድስት ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። የብረት ማንኪያም አታስነኩት።

4. ክዳን፣ እጀታ፣ ቅርፅ

ክዳን የሌለው ድስት አትግዙ። ክዳኑ ከጠፋባችሁ ወፍራም ፎይል በመጠኑ ቆርጣችሁ ጠርዙን እጠፉት። በነፋሱ እንጦጦ ላይ ያለ ክዳን ውሃ ማፍላት ጋዝ ማቃጠል ነው።

እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል። የሚታጠፍ የሽቦ እጀታ ይሻላል። አንዳንዶች እጀታውን ነቅለው በፒንሳ ይይዛሉ። ሞከርኩት። ፒንሳው ከእጀታው ይከብዳል፣ ስስ ድስት ደግሞ ያጣምማል። ጨርቅ ይበቃል።

ጠባብና ረጅም ድስት ቦርሳ ውስጥ ይመቻል። ሰፋ ያለው ግን እሳት በደንብ ይቀበላል፣ ለማማሰልም ይመቻል። እኔ ሰፋ ያለውን እመርጣለሁ። አንድ መለኪያ ልስጣችሁ፦ የ100 ግራም ጋዝ ጣሳ ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የ230ው 11። ድስታችሁ ውስጥ ከገባ ጋዙ፣ ምድጃውና ክብሪቱ ሁሉ እዚያው ይታሸጋሉ። ባዶ ድስት ቦርሳ ውስጥ ቦታ መያዝ የለበትም።

5. ምድጃውና ነዳጁ

ድስቱ ከምድጃው ጋር ካልተስማማ ዋጋ የለውም። ምድጃው ላይ ስታስቀምጡት የሚንገዳገድ ከሆነ ሽሯችሁ መሬት ላይ ነው የሚያልቀው።

በጣሳ ጋዝ የሚሠራው ንጹሕና ፈጣን ነው። ችግሩ ጋዙ ሁልጊዜ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ምድጃውን ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ ጋዙን ግን አውሮፕላን ላይ አያስገቡትም። ስለዚህ መጀመሪያ እዚህ የምታገኙት ጋዝ የትኛው እንደሆነ እዩ፤ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው ወይስ የሚሰካ? ከዚያ ምድጃውን በእሱ ልክ ግዙ። ሌላው፣ ውስጡ ቡቴን ብቻ ከሆነ ብርድ አይወድም። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መለወጡ በጣም ይዳከማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ጣሳውን የምትተኙበት ከረጢት ውስጥ ይዛችሁ እደሩ።

የንፋስ መከላከያ በጣም ይረዳል። ግን ጣሳው ላይ በቀጥታ የሚገጠም ምድጃ ከሆነ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ አትክበቡት። ጣሳው ከጋለ ሊፈነዳ ይችላል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ብቻ አቁሙት።

በአልኮል የሚሠራውን ትንሽ ምድጃ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ ከሁሉም ይቀላል። ግማሽ ሊትር ውሃ ለማፍላት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ይበቃል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ባለ 70 በመቶው ግን ቀሪው ውሃ ስለሆነ ይለግማል። ጥንቃቄው፦ የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም። ጠፍቷል ብላችሁ አትጨምሩበት። እጄን አቃጥሎኛል። መጀመሪያ መዳፋችሁን ከላይ ራቅ አድርጋችሁ ሙቀቱን ፈትሹ፤ ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ላምባ ይሸታል፣ ያጠቅራል፣ ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል። ለቤት ይቅር።

የእንጨት እሳትስ? በበጋ አይሆንም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፣ አንዴ ከተያያዘ አይቆምም። ደን ውስጥ ከሆናችሁ ጥበቃዎቹን ሳትጠይቁ ክብሪት አትጫሩ።

6. ማንኪያ፣ ኩባያ፣ ቡና

የእንጨት ማንኪያ ያዙ። ቀላል ነው፣ ድስት አይጭርም፣ አፍ አያቃጥልም። ሳህን አያስፈልግም፤ ከድስቱ ብሉ። አንድ ኩባያ በቂ ነው።

ጀበናውን ቤት ተዉት። እወደዋለሁ፣ ግን የእኔ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሸክላ ስለሆነ መንገድ ላይም ይሰበራል። የተወቀጠ ቡና በላስቲክ ያዙ። ውሃው ሲፈላ ድስቱ ውስጥ ጨምሩ፣ አንዴ ገንፈል ሲል አውርዱት፣ አምስት ደቂቃ አስቀምጡት። አተላው ሥር ይዘቅጣል። ቀስ ብላችሁ ኩባያው ላይ ቅዱ። ጠዋት ጉሙ ከከተማው ላይ ሳይነሳ ያንን ቡና መጠጣት ለእኔ የጉዞው ሁሉ ዋጋ ነው።

7. መዝኑ፣ ከዚያ ቤት ሞክሩ

የኩሽና ሚዛን ከሌላችሁ ሰፈር ያለውን ባለሱቅ ለምኑት፣ ይመዝንላችኋል። የእኔ ድስት ከነክዳኑ 190 ግራም፣ ምድጃው 90፣ ኩባያው 60፣ ማንኪያው 15 ነው። ያለ ጋዙ 355 ግራም። የመጀመሪያው ጉዞዬ ላይ መጥበሻው ብቻ ከዚህ በላይ ነበር።

ከመሄዳችሁ በፊት በረንዳ ወይ ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ማታ፣ በጉዞው ዕቃ ብቻ አንድ ራት ሥሩ። ምድጃው ላይ ይቆማል? ክዳኑ ይገጥማል? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ጋዙን ከማብሰላችሁ በፊትና በኋላ መዝኑት፤ ልዩነቱ የአንድ ራት ፍጆታ ነው። በዚያ ላይ ለከፍታውና ለብርዱ ጨምሩበት።

የመጨረሻው ነገር እጥበት ነው። በልታችሁ ስትጨርሱ ድስቱ ሳይደርቅ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ በማንኪያው ፋቁት። ምንጭ ውስጥ አትጠቡ፤ የከብትም የሰውም መጠጫ ነው። በከተማው ዙሪያ ባሉት ተራሮች ጅብ አለ፣ የቅቤ ሽታ ደግሞ ከሩቅ ይጠራዋል። እጣቢውን ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ ድፉት። ድስቱንም ድንኳን ውስጥ አታሳድሩት። እኔ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቄ ድንጋይ ሥር ደፍቼው ነው የማድረው።