ልገሳዎ የት ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል?

ብዙ ሰው እጁን የሚዘረጋው አንጀት የሚበላ ፎቶ አይቶ ነው። ጠንቀቅ ያለው ደግሞ «ከመቶው ስንቱ ለቢሮና ለደመወዝ ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን ዋናው ነገር ላይ አያደርስም። ሥራው ራሱ የማይረባ ከሆነ፣ ከመቶው ዘጠና አምስቱን ሥራው ላይ ያዋለ ድርጅት ዘጠና አምስቱን አባከነ ማለት ነው።

«ፕሌይፓምፕ» የሚባለውን እንይ። ልጆች እየገፉ ሲያሽከረክሩትና ሲጫወቱበት ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ነበር። በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአፍሪካ አገሮች እንዲተከል 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባለት። አንዱን ለመትከል 14,000 ዶላር ገደማ ይፈጃል፤ ተራው የእጅ ፓምፕ በዚህ ሩብ ይተከላል። ኋላ ሒሳቡ ሲሠራ፣ አንድ ፓምፕ ያጠጣዋል የተባለውን 2,500 ሰው ለማዳረስ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ልጆቹ ሲሰለቻቸው መዘውሩን የሚገፉት ሴቶቹ ሆኑ። ይህን ጉድ የትኛውም የቢሮ ወጪ ሠንጠረዥ አያወጣውም።

መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ድርጅቱ

ስለዚህ ምርጫውን ከድርጅት ስም አይጀምሩ። መጀመሪያ የሚመረጠው የሥራው ዓይነት ነው። በሁለት ጎበዝ ድርጅቶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ በሁለት የሥራ ዓይነቶች መካከል ያለው ግን አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል።

በደንብ ከተፈተኑት ሥራዎች ጥቂቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ወባ ባለበት አካባቢ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ማደል፣ የወባ ወቅት በገባ ቁጥር ለትናንሽ ሕጻናት በየወሩ መከላከያ መድኃኒት መስጠት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በዓመት ሁለት ጊዜ ቪታሚን ኤ ማዳረስ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሙሉ ክትባት እንዲያስከትቡ ትንሽ ገንዘብ እየሰጡ ማበረታታት። የሚያስጎመጁ አይደሉም፤ ለፎቶም አይመቹም። ጥሩነታቸው ርካሽ መሆናቸው፣ ደጋግመው መለካታቸውና በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው መዳረስ መቻላቸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አንድ አጎበር ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ ተከፋፍሎ 5 ወይም 6 ዶላር ገደማ ይፈጃል። ይህ ማለት ግን በ5 ዶላር አንድ ነፍስ ይድናል ማለት አይደለም። አጎበሩ ሥር ከሚተኙት ልጆች አብዛኞቹ አጎበር ባይኖርም በሕይወት ይኖሩ ነበር። ጥናቶቹ ተጠቃለው ሲታዩ አጎበር የሕጻናትን ሞት የሚቀንሰው በ17 በመቶ ገደማ ነው፤ ያውም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ አጎበሩ ይቀደዳል፣ መድኃኒቱም ይደክማል። ይህ ሁሉ ሲታሰብ፣ ድርጅቶችን በዚህ ዓይን የሚመረምረው ጊቭዌል ለምርጦቹ ሥራዎች ያወጣው ግምት ለአንድ ሕይወት ከ3,000 እስከ 5,500 ዶላር አካባቢ ነው። እንግዲህ «በ10 ዶላር አንድ ሕይወት ያድኑ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ፣ የተነገርዎት የዕቃው ዋጋ እንጂ የውጤቱ ዋጋ እንዳልሆነ ይወቁ።

ሒሳቡን በእጅ መሥራት

ለጤና ሥራ የሌሎችን ስሌት መዋስ ይቻላል። የወደዱት ድርጅት ሥራው ሌላ ከሆነ ግን ወረቀትና እርሳስ ያንሡ። ለምሳሌ ያህል፣ የስፌት ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት በሪፖርቱ «በ120,000 ዶላር 400 ሴቶችን አሠለጠንን» አለ እንበል። ለአንዷ 300 ዶላር ደረሰ፤ መልካም ይመስላል። አሁን አንድ በአንድ ይቀንሱ። ከ400ዎቹ ሥልጠናውን የጨረሱት 250 ናቸው፤ ዋጋው 480 ዶላር ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ በሙያው ገቢ እያገኙ የነበሩት 100 ናቸው፤ 1,200 ዶላር። የመጨረሻው ቅነሳ ነው ከሁሉ የሚከብደው፦ በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ኑሮ ካላቸውና ሥልጠናውን ካልወሰዱ ሴቶች ስንቶቹ በዚያው ጊዜ ሥራ አገኙ? ከ400ው 70ው ያለ ሥልጠናም ያገኙ ነበር ከተባለ፣ የድርጅቱ ድርሻ 30 ሴት ብቻ ነው። 120,000ን ለ30 ሲያካፍሉ ለአንድ ሰው 4,000 ዶላር ይመጣል።

300 የነበረው 4,000 ሆነ፤ ማንም ግን አልዋሸም። ድርጅቱ ያወራው ስለሠራው ሥራ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ የመጣውን ለውጥ። አራቱንም ቁጥር መስጠት የሚችል ድርጅት ብርቅ ነው፤ ሦስቱን እንኳ የሚሰጥ ካገኙ ክብር ይገባዋል። ከዚያ 4,000ውን ይያዙና «ይህን ያህል ገንዘብ በቀጥታ ለድሆች ቢታደልስ?» ብለው ይጠይቁ። ጊቭዳይሬክትሊ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ ጥሬ ገንዘብ በሞባይል ይልካል። በሙያው ያሉ ሰዎች ይህን እንደ መለኪያ ይዘውታል፦ ፕሮጀክትህ ብሩን ለሰውየው በእጁ ከመስጠት ካልበለጠ ስለ ምን አስፈለገ?

«በፊትና በኋላ» አያታልልዎ

ከፕሮጀክቱ በፊትና በኋላ ያለውን ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት ብዙም አያስረዳም፤ ዝናብ ጥሩ ከዘነበ የሁሉም ገበሬ ምርት ያድጋል። የሚታመነው ሰዎችን ወይም መንደሮችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ እርዳታውን ሲያገኝ ሌላውን ለማነጻጸሪያ የሚይዝ ጥናት ነው። አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር በ2019 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት ይህን ዘዴ ወደ ድህነት ቅነሳ ሥራ በማምጣታቸው ነው። ያለ ማነጻጸሪያ ቢሄዱ የሚደርሰው አንዳንዴ ከኪሳራም ይብሳል። አጥፊ ታዳጊዎችን ወህኒ ቤት ወስዶ በእስረኞች እያስፈራሩ የመምከር ፕሮግራም አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ሲወደስ ኖሮ፣ በዕጣ ሲፈተን ፕሮግራሙን ያለፉት ልጆች ካላለፉት ይልቅ ወንጀል ላይ የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

የማይሠራን ነገር ራሱ የሚዘጋ ድርጅት ካጋጠመዎ ምልክት ያድርጉበት። ኤቪደንስ አክሽን ባንግላዴሽ ውስጥ በረሃብ ወቅት ድሃ የገጠር ሰዎች ሌላ ቦታ ሄደው እንዲሠሩ የትራንስፖርት ገንዘብ ያለ ወለድ የሚያበድር ፕሮግራም ነበረው። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ተስፋ ሰጡ፤ ፕሮግራሙ ሰፍቶ እንደገና ሲፈተን ግን የታሰበው ለውጥ አልታየም። ድርጅቱ ውጤቱን በይፋ ተናግሮ በ2019 ዘጋው። ከሃያ የስኬት ታሪክ ይህ አንዱ ስለ ድርጅቱ ብዙ ይናገራል።

ቁጥርም ሲባል እንደ ወረደ አይወሰድም። በ2006 የወጣ አንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ የጤና ሰነድ ልጆችን ከሆድ ትላትል ማከም ለአንድ ጤናማ የሕይወት ዓመት 3.41 ዶላር ብቻ ያስወጣል ብሎ ነበር። ጊቭዌል በ2011 ስሌቱን ሲፈታው አምስት ስሕተት አገኘበት፤ ታርሞ ሲሠራ 326 ዶላር ሆነ፤ መቶ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በዚህ ምክንያት 40 ዶላርን ከ55 ዶላር እያማረጡ ጊዜ አያጥፉ። ልብ የሚባለው የአምስትና የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው።

ተጨማሪው ብር ምን ይሠራል?

ጥሩ ድርጅት ሁሉ የእርስዎን ገንዘብ ዛሬ ይፈልገዋል ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በደረሰ በቀናት ውስጥ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዚያ አደጋ የሚበቃ ገንዘብ እንዳገኘ አስታውቆ ለሱናሚው ብቻ የሚሰጠውን ልገሳ መቀበል አቆመ፤ የሰጡትንም ገንዘቡን ለሌላ ችግር ማዋል እንዲፈቅዱለት ጠየቀ። በዜና የሚያስተጋባ አደጋ ገንዘብ ያጥለቀልቀዋል፤ ዜና የማያወራለት ወባ ይጎድልበታል። ለአደጋ መስጠት ከፈለጉ ጥሬ ገንዘብ ይስጡ። ያገለገለ ልብስና የተቀላቀለ መድኃኒት ወደብ ላይ ቦታ ይይዛል፣ ለመለየትም የሰው ጉልበት ይበላል።

ለድርጅቱ በኢሜይል የሚላኩ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ዛሬ 100,000 ዶላር ተጨማሪ ብታገኙ፣ ያለዚያ የማትሠሩት ምን ትሠሩበታላችሁ? ባለፉት ሁለት ዓመታት ያልተሳካላችሁ ምን ነበር? በባንክ ያላችሁ መጠባበቂያ የስንት ወር ወጪ ይሸፍናል? «ሥራችንን እናስፋፋለን» ብቻ የሚል መልስ መልስ አይደለም። መጠባበቂያው የብዙ ዓመት ወጪ ከሆነ፣ የእርስዎ ብር ከባንክ ሳይወጣ ይከርማል።

ወደ ቢሮ ወጪው ልመለስ። ፈጽሞ አይታይ አልልም፤ ከገቢው ግማሹን ለገንዘብ አሰባሳቢ ኩባንያ የሚከፍል ድርጅት አጠራጣሪ ነው። ነገር ግን ሒሳብ ሠራተኛ፣ ተቆጣጣሪና መረጃ ሰብሳቢ ሁሉ በዚያው መዝገብ ይገባሉ፤ እነሱን የቀነሰ ድርጅት ምን እንደሠራ ራሱም አያውቅም። ቻሪቲ ናቪጌተርና ጋይድስታርን ጨምሮ ሦስት መዛኝ ተቋማት በ2013 ለለጋሾች በግልጽ ደብዳቤ ያሳሰቡት ይህንኑ ነው፤ ድርጅትን በአስተዳደር ወጪ ብቻ አትመዝኑ ብለው።

ከመክፈልዎ በፊት

የድርጅቱን ሕጋዊ ስም ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። አጭበርባሪ ከታዋቂ ስም አንዲት ቃል ለውጦ ይመጣል፤ በተለይ አደጋ በደረሰ ሰሞን። የምዝገባ ቁጥሩን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ይፈልጉ፤ በአሜሪካ ፎርም 990 የሚባለው ዓመታዊ ሪፖርት፣ በእንግሊዝና ዌልስ ደግሞ የቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ከሌለ ይለፉት። በስልክ ወይም በመንገድ ላይ ለሚጠይቅ ሰው እዚያው አይክፈሉ፤ ገጹን ራስዎ ከፍተው ይግቡ። «ዛሬ ከሰጡ አንድ ባለሀብት የሰጡትን ያህል ይጨምርበታል» የሚለውም አያስቸኩልዎ፤ ብዙ ጊዜ ያ ባለሀብት እርስዎ ባይሰጡም ገንዘቡን ይሰጣል።

ያመኑበት ድርጅት ከሆነ ለተወሰነ ፕሮጀክት ሳያስሩ፣ በየወሩ በቋሚ ትእዛዝ መስጠት ይሻላል፤ ድርጅቱ የሚመጣውን አውቆ ማቀድ ይችላል። ለአሥር ድርጅት እየበተኑ መስጠት ግን የክፍያ ቆረጣውንና የምስጋና ደብዳቤውን ነው የሚያበዛው። አንድ ወይም ሁለት ይበቃል።

ይህን ሁሉ ለመመርመር ጊዜ የለኝም ለሚል አቋራጭ አለ። ጊቭዌል በ2022 መስፈርቱን አጥብቆ አራት ብቻ አስቀርቶ ነበር፦ አጎበር የሚያድለው አጌንስት ማላሪያ ፋውንዴሽን፣ የወቅት መድኃኒት የሚሰጠው ማላሪያ ኮንሰርቲየም፣ ቪታሚን ኤ የሚያዳርሰው ሄለን ኬለር፣ ናይጄሪያ ውስጥ ለክትባት ማበረታቻ የሚከፍለው ኒው ኢንሴንቲቭስ። ዝርዝሩ ስለሚከለስ በሚሰጡበት ቀን ያለውን ይመልከቱ። ቋሚ ትእዛዙን ሲሞሉም ከዓመት በኋላ የሚያስታውስዎ ቀን ስልክዎ ላይ ያስገቡ፤ ያን ዕለት ሦስቱን ጥያቄዎች መልሰው ይላኩ።