በእንግሊዝ ገጠር የትኛው ጉዳይ ለየትኛው ካውንስል ይቀርባል? የዳርቢሺር ዴልስ ወረዳ እንደ ምሳሌ

በእንግሊዝ ገጠር ቤት የተከራየ ወይም የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው ቤቱ በየትኞቹ ድንበሮች ውስጥ እንደሚገኝ ነው። በለንደን ቆሻሻ ማንሣቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቤት ጉዳዩም በአብዛኛው በአንድ ካውንስል ስለሚያልቅ፣ ከዚያ የመጣ ሰው አንድ ስልክ ቁጥር ይዞ መኖር ለምዷል። በብዙ የገጠር አካባቢ ግን ለአንድ ቤት ሦስት ምክር ቤቶች (ሰፊውን አካባቢ የሚያስተዳድረው ካውንቲ፣ በሥሩ ያለው ወረዳና የመንደሩ ፓሪሽ)፣ አንዳንዴም አራተኛ አካል፣ ሥልጣን ይጋራሉ። አሠራሩን ለማየት በመካከለኛው እንግሊዝ የሚገኘው ዳርቢሺር ዴልስ ጥሩ ማሳያ ነው። ወረዳው በ1974 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሽቦርን፣ የቤክዌል፣ የማትሎክና የዊርክስዎርዝ ከተሞች በዙሪያቸው ካሉ የገጠር አስተዳደሮች ጋር ተዋሕደው የተመሠረተ ሲሆን፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1987 ነው።

ከመሬቱ መጀመር ይበጃል። የወረዳው ሰፊ ክፍል የኖራ ድንጋይ አምባ ነው፤ ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ስለሚጠፋ፣ እንደ ላትኪል ያሉ ወንዞች በደረቅ በጋ አልጋቸው ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይታያል። በምሥራቅ በኩል ከርባርን የመሰሉ ጥቁር የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው የዴርወንት ወንዝ ወደ ደቡብ ይወርድና ሮውዝሊ ላይ የዋይ ወንዝን ተቀብሎ በማትሎክ በኩል ያልፋል። በምዕራብ የደቭ ወንዝ ዳርቢሺርን ከስታፎርድሺር ይለያል። በደቭ ላይ ካሉት ድልድዮች አንዱን የተሻገረ ሰው መልክዓ ምድሩ ሳይለወጥበት ካውንቲው፣ ፖሊሱና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይለወጡበታል።

ፖስታ ኮድን ተማምኖ ወረዳን መገመት አይገባም። የሃዘርሴጅ ነዋሪ ኮድ በሼፊልድ ፊደል ይጀምራል፤ የታይድስዌል ነዋሪ ደብዳቤ ደግሞ በሌላ ወረዳ በምትገኘው በባክስተን ስም ይላካል። ሁለቱም መንደሮች ግን የዳርቢሺር ዴልስ ናቸው። ስለዚህ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ኮድዎን አስገብተው የካውንስሎችዎን ስም ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የካውንስል ታክስ (በየቤቱ የሚከፈለው የአካባቢ ግብር) ቢሉን በእጅዎ ይያዙ፤ የአስተዳደሩን አወቃቀር ከዚህ ወረቀት የተሻለ የሚያሳይ የለም። ቢሉን የሚልከውና ገንዘቡን የሚሰበስበው የወረዳው ካውንስል ነው፤ ነገር ግን ከዝርዝሩ ትልቁ ድርሻ የካውንቲው ነው፤ ቀሪውን ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ ወረዳውና የመንደሩ የፓሪሽ ካውንስል ይካፈሉታል። ታክሱ ጨመረ ብሎ ወረዳውን የሚወቅስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው ገንዘብ ሰብሳቢውን ነው። የክፍያው ደረጃ በ1991 በነበረው የቤት ዋጋ ላይ የተመሠረተ ነው። ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ የ25 በመቶ ቅናሽ ይጠይቁ፤ ሳይጠየቅ በራሱ ይመጣል ብለው አይጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ወር የሚከፈለውን ሒሳብ በ12 ወር እንዲከፋፈልልዎም ማመልከት ይችላሉ።

የሥራ ክፍፍሉ በአንዳንድ ቦታ ለመረዳት ያስቸግራል። ከደጅዎ ቆሻሻ የሚያነሣው ወረዳው ነው፤ አሮጌ ፍራሽ በመኪና ጭነው የሚወስዱበት የቆሻሻ ማስረከቢያ ግን የካውንቲው ነው። የተቦረቦረ መንገድ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ምደባ፣ የአረጋውያን እንክብካቤና ቤተ መጻሕፍት ለካውንቲው ይቀርባሉ። ቤት አልባነት፣ የመራጮች ምዝገባና የምግብ ንጽሕና ቁጥጥር የወረዳው ናቸው። ስለዚህ በቤትዎ እንጀራ ጋግረው ለመሸጥ ካሰቡ፣ ሥራውን ከመጀመርዎ ቢያንስ 28 ቀን አስቀድመው በወረዳው ይመዝገቡ፤ ምዝገባው ክፍያ የለውም። የመንደሩ መጫወቻ ሜዳና የመቃብር ስፍራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፓሪሹ እጅ ናቸው።

የወረዳውም የካውንቲውም ዋና ጽሕፈት ቤት በማትሎክ፣ ያውም በአንድ ዳገት ላይ መሆኑ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል። የወረዳው በባንክ ሮድ ላይ ነው፤ የካውንቲው ከዚያ በላይ፣ ጆን ስመድሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በውኃ ሕክምና ለሚታከሙ እንግዶች ባሠራው ግዙፍ ሕንፃ ውስጥ ነው። ዳገቱ ከ1893 እስከ 1927 በገመድ የሚሳብ ትራም ይሄድበት ነበር፤ በር ተሳስቶ መውጣት ለጉልበት አይመከርምና አስቀድመው ይደውሉ።

አራተኛው አካል የፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ባለሥልጣን ነው። ፓርኩ በ1951 በብሪታንያ የመጀመሪያው ሆኖ የተከለለ ሲሆን፣ የወረዳውን ሰፊ ክፍል ይሸፍናል። ቤክዌል በውስጡ ናት፤ ማትሎክ፣ ዊርክስዎርዝና አሽቦርን ከውጭ ናቸው። በክልሉ ውስጥ ቤት ለማስፋት ወይም የእርሻ ጎተራን ወደ መኖሪያ ለመለወጥ የሚጠየቀው የግንባታ ፈቃድ ለፓርኩ እንጂ ለወረዳው አይቀርብም፤ ቆሻሻውን ግን እዚያም ወረዳው ያነሣል። በአባላቱ አመራረጥ ላይ ነዋሪው ቀጥተኛ ድምፅ ስለሌለው፣ ብዙ ቅሬታ የሚሰማው በዚህ አካል ላይ ቢሆን አይደንቅም። ጎረቤትዎ ሊገነባ ሲያመለክት ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ አስተያየት ለመስጠት በአብዛኛው 21 ቀን አለዎት።

የምርጫ መብት በዜግነት ይወሰናል። ኬንያ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ኬንያዊ በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ መመዝገብ ይችላል፤ ኢትዮጵያዊ ግን የብሪታንያን ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ አይችልም። መራጭ ከሆኑ፣ ከ2023 ጀምሮ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ካልያዙ በምርጫ ጣቢያ ድምፅ መስጠት አይችሉም። በስብሰባ ላይ ለመገኘትና ለምክር ቤት አባል ለመጻፍ ግን ዜግነት አይጠየቅም። የፓሪሽ ካውንስል አጀንዳ ከስብሰባው ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን አስቀድሞ ይለጠፋል፤ የመንደሩን የማስታወቂያ ሰሌዳ ይመልከቱ።

ይህ አወቃቀር ግን ዘላለማዊ አይደለም። በሰሜን ዮርክሺር፣ በሰመርሴትና በከምብሪያ የነበሩት የወረዳ ካውንስሎች በ2023 ፈርሰው ሥራቸው ወደ አንድ እርከን ተጠቃልሏል፤ መንግሥት በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ዕቅድም ባለ ሁለት እርከኑን (የካውንቲና የወረዳ) አሠራር በመላ እንግሊዝ ለማስቀረት ወስኗል። ስለዚህ ማመልከቻ ከመላክዎ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ስም ከመጨረሻው ቢልዎ ላይ ያመሳክሩ። የፓሪሽ ካውንስሎች ከ2023ቱ ለውጥ በኋላም በቦታቸው ስለቀጠሉ፣ የመንደርዎን የፓሪሽ ጸሐፊ ስልክ መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።