ከሽሮ በቀር የማይበላ ሰው እንዴት ይጹም?

«ምግብ ትመርጣለች» ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ቅብጠት ነው። እኔ የምጽፈው ግን ሽንኩርት ጥርሱ ስር ሲገባ ጉሮሮው ለሚዘጋ፣ ጎመን ገና ምላሱን ሲነካው ለሚያቅረው፣ የቀይ ስሩ ቀለም ድንቹን ነክቶ ካየ ደግሞ ትሪው በሙሉ ለሚያስጠላው ሰው ነው። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግኩት። ሥጋ በፍስክም አልበላም፤ ሽታው አይሆንልኝም። ቤታችን ደግሞ ጿሚ ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታው፣ የነቢያት ጾሙ ሲደማመር የዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ሌላው ሰው ጾም ሲገባ የሚቀርበትን ያስባል፤ እኔ የሚቀርብኝ ሻይ ላይ የምትጨመር ወተትና አልፎ አልፎ አንድ እንቁላል ብቻ ነበር። የተቀረው ክረምት ከበጋ ያው ነው፦ ሽሮ፣ ዳቦ በሻይ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ፓስታ በዘይት።

ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ ድካም ነው። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ፀጉሬ ይረግፋል። ምርመራው የብረት ማነስ አለ። «ጎመንና ምስር ብይ» ተባልኩ። ለእኔ «ክንፍ አውጪና ብረሪ» እንደማለት ነበር። ዛሬ በየአይነቱ ሲቀርብ ከእንጉዳይ፣ ከተልባና ከጥቂት ሌሎች በስተቀር ሁሉንም እበላለሁ። እነሱን ትቻቸዋለሁ፣ ሰላም ነን። የሠራልኝን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት አውጡና የምትበሉትን ጻፉ። የማትበሉትን ተዉት፤ እሱን ቤተሰብ በቃሉ ያውቀዋል። እያንዳንዱ ምግብ አጠገብ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል አስፍሩ፦ ልስልስ ነው? ደረቅ ነው? ይኮመጥጣል? ይንኮሻኮሻል? እኔ ስጽፈው የወጣው ነገር ግልጽ ነበር። በርበሬም እርድም ነጭ ሽንኩርትም አያስቸግሩኝም፣ ሽሮው ውስጥ ሁሉም አሉ። የማልችለው ለስላሳ ነገር ውስጥ ሳላስበው ጥርሴን የሚገጥም ጠጣር ነገር ነው፤ የሽንኩርት ቁራጭ፣ የጎመን ክር፣ የቲማቲም ልጣጭ። ስለዚህ ጠላቴ አንድ ነው እንጂ ሃያ አይደለም። የእናንተ ኮምጣጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ለጋ እንጀራ ፈልጉ፣ ሁለት ቀን ያደረውን ተዉት። ሽታ ከሆነ ደግሞ ምግቡን ሳይሞቅ መሞከር ይረዳል፤ የቀዘቀዘ ምግብ ብዙ አይሸትም።

ከዚያ ከምትበሉት ምግብ ተነሥታችሁ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አንድ ብቻ። የሽሮ ሰው በአንድ ጊዜ ድፍን ምስር ጋ መድረስ አይችልም፤ መሃሉ ላይ ግን ደረጃ አለ። ሽሮ ራሱ የሽምብራ፣ የአተር ወይም የባቄላ ዱቄት ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ቤት የአተር ክክ አልጫ ነው። ክኩን እስኪፈርስ ቀቅዬ፣ በማማሰያ እየመታሁ ልክ እንደ ሽሮ ፈሰስ አደረግኩት። ቀለሙ ቢጫ ከመሆኑ በስተቀር አፌ የሚያውቀው ነገር ነበር። እሱ ሲለመድ መምታቱን ቀነስኩ፤ ገሚሱ ፈርሶ ገሚሱ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ቆየሁ፣ እናንተም ብትቆዩ ምንም አይደለም። ቀጥሎ ምስር ክክ፣ እሱም መጀመሪያ ፈርሶ። ድፍን ምስር የመጣው በመጨረሻ ነው፤ የገባውም በአዚፋ በኩል ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ሎሚና ሰናፍጭ ያለው። ምስሩ ከአፌ እስኪደርስ ሰናፍጩ አፍንጫዬን ስለሚይዘው ስለ ፍሬው የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም።

ሽንኩርቱን ለብቻው ላንሣው፤ እሱ ካልተፈታ የጾም ወጥ የሚባል ነገር ሁሉ ዝግ ነው። ሽንኩርቱን በመፍጫ አድቅቁት። ያለ ዘይት ድስት ላይ አድርጉና በለስላሳ እሳት ውሃው እስኪመጥ፣ ከዚያም ቀላ እስኪል አማስሉ። ሊይዝባችሁ ሲል ጠብታ ውሃ። ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ እንደገና ጠብታ ውሃ፣ እንደገና ማማሰል። ቁሌቱ ዘይቱን ሲተፋና ማማሰያው ላይ የሽንኩርት ቅንጣት ሳይታይ ሲቀር ደርሷል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቸኩላችሁ እሳት ካበዛችሁ አርሮ ይመራል። ይህን ቁሌት በዛ አድርጋችሁ ሠርታችሁ በየድርሻው ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሲለመድ ሽንኩርቱን በመፍጫው ሳይሆን በቢላ፣ መጀመሪያ ደቃቅ፣ ቆይቶ ተለቅ አድርጋችሁ ክተፉት።

አዲስ ነገር ስትቀምሱ ጉርሻ አታድርጉት። ጥፍር የምታህል ትበቃለች፤ እሷም ከምታውቁት ምግብ በፊት ትምጣ፣ ሽሮው ከኋላ ይጠብቃችሁ። ሶፍት አጠገባችሁ ይኑር፣ መትፋት ይፈቀዳል። እናቶቻችን «ምግብ አይተፋም፣ ነውር ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን መትፋት እንደሚቻል የሚያውቅ አፍ ቶሎ ይከፈታል። ያልቻላችሁ ቀን አሽትታችሁ፣ በጣት ነክታችሁ መተው ይቻላል። በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አዲስ ምግብ እስኪለመድ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ እንደሚያስፈልግ ያሳያሉ። አዋቂም ከዚህ የተሻለ አይመስለኝም። ሁለት ጊዜ ቀምሶ «አልወደውም» ማለት ገና አለመጀመር ነው።

በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው «ሲርበኝ ሁሉንም እበላለሁ» ሊል ይችላል። ለተራ መራጭ ይሠራል። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ረሃብ ሲበዛ ማቅለሽለሹም ይብሳል፤ እንዲህ ባለ ቀን ያቺን ትንሽ ሙከራ ከሁለት ጉርሻ ዳቦ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ጎመን ላይ ያለው ችግር ክሩ ነው። በቆስጣ ጀምሩ፣ ለስለስ ይላል። ወደ ሀበሻ ጎመን ስትመጡ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ ቅጠሉን ብቻ አድቅቃችሁ ክተፉ፣ በደንብ ይብሰል፤ ከዚያ በተፈጨ ድንች ውስጥ አንድ ማንኪያ። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት። ካሮት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወጥ ውስጥ የላሸቀውን አልነካም፣ ጥሬውን ግን ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እገምጠዋለሁ። አትክልቱን ጠላሁት ከማለታችሁ በፊት አበሳሰሉን ጠልታችሁ እንደሆነ እዩ። ቲማቲም ፍሬውንና ውሃውን አውጥቶ መክተፍ ብቻውን ብዙ ነገር ይፈታል።

ልስልስ ነገር ለሚወድ ሰው ጾም የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ሱፍ ነው። ተፈጭቶ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ስለሚጠለል ምንም የሚያደናቅፍ ነገር የለውም፤ እንጀራ ቆራርሶ መፈትፈት ነው። የለውዝ ቅቤ ዳቦ ላይም እንዲሁ። የምትበሉት ጥቂት ሲሆን ክብደት ቶሎ ይቀንሳልና ቅባት ያለው ነገር ያስፈልጋል።

ውጭ ስትበሉ በየአይነቱን አትፍሩት። «ወጡን ለየብቻ በሳህን አድርጉልን» ቢባል ብዙ ቤት ያደርጋል፤ ቀይ ስሩ ከድንቹ ይለያል፣ ሽሮው መሃል ይሆናል። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለ መለማመጃ እሱ ነው፤ ለአንዱ ምግብ ብላችሁ ሌላ አልከፈላችሁም፣ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ጎመኑ ዝም ብሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ዛሬ አይታችሁት ትሄዳላችሁ። ሌላ ቀን በእንጀራ ጫፍ ትነኩታላችሁ።

ጉርሻ ግን ጉድ ነው። አክስቴ የድርቆሽ ክምር የሚያህል ጎመን ጠቅልላ «በሞቴ!» ስትል የትኛው ልምምድ ይተርፋል? አፍን ከመዝጋት ይልቅ መዳፍን መዘርጋት ይሻላል። «እጄ ላይ አድርጊልኝ፣ ቀስ ብዬ ልብላው» እላለሁ፤ ጉርሻው ተቀባይነት አገኘ፣ አክስቴም አልተቀየመች፣ እኔም መጠኑን በእጄ ያዝኩ። ለቅሶ ቤትና ጠበል ጸዲቅ ላይ ደግሞ ቀደም ብዬ ሄጄ ማስተናገድ እይዛለሁ። ትሪ ይዞ ለሚዞር ሰው ማንም አያጎርስም።

ልጅ ካላችሁ አትደብቁበት። ዱባ ፈጭቶ ሽሮው ውስጥ መጨመር ብልሃት ይመስላል፤ ልጁ የነቃ ቀን ግን ዱባውን አይደለም የሚተወው፣ ሽሮውን ነው። ያኔ ምን ልትሰጡት ነው? ነግራችሁት፣ ሲጨመር አይቶ፣ እሱ ራሱ አማስሎት ይሁን። እኔም ለራሴ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ዱባውን አውቄው ነው የምበላው። «ይህን ካልጨረስክ» የሚባለውንም ተዉት። እኔን ያስጨረሱኝን ምግቦች ዛሬም አልበላቸውም።

አሁን ስለ ደሙ። ከእህል የሚገኝ ብረት ሰውነት ውስጥ የሚገባው ከሥጋው ባነሰ መጠን ነው፤ ግን መርዳት ይቻላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቁ፣ ጎኑ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ይኑር፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ይጎትተዋል። የእንጀራው ሊጥ መቡካቱም ለዚሁ ይጠቅማል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ያግዱታል፤ ለዓመታት ዳቦዬን በሻይ ስበላ የኖርኩ ሰው መሆኔን አትርሱ። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ቡናው እዚያው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው እስኪፈላ ከሆነ ሰዓቱ በራሱ ያልፋል፤ ችግሩ ቀድሞ የፈላ ቡና ያለበት ቤት ነው።

ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ከአትክልትና ከጥራጥሬ አታገኙትም። በፍስክ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ የሚመገብ ሰው ያካክሰዋል፤ እንደኔ ፍስኩም እንደ ጾም ለሆነበት ግን እንክብሉ የግድ ነው። እጅ እግር መደንዘዝ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነውና ቀድማችሁ ተመርመሩ። የብረት እንክብልም በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከጎረቤት ተበድሮ አይወሰድም፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ክብደታችሁ እየወረደ ከሆነ፣ የምትበሉት ዝርዝር ከመስፋት ይልቅ እየጠበበ ከሄደ፣ ምግብ ስታዩ ማነቅ ወይም ፍርሃት ከያዛችሁ ይህ ጽሑፍ አይበቃም። ነገሩ ስም አለው፤ አርፊድ ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ የአመጋገብ ሕመም አድርጎ አስፍሮታል፤ ስለ ሰውነት መልክ ከመጨነቅ ጋር የተያያዘ አይደለም፣ ቅብጠትም አይደለም። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ የምትጾሙትንም ቀን ንገሩት። የንስሐ አባት ካላችሁ ለእሳቸውም እንዲሁ። እኔ ስነግራቸው «የታመመ ሰው እንደ ጤነኛ አይጾምም፤ መድኃኒትሽን ዋጪ፣ ወተት ካዘዙሽም ጠጪ» ብለውኛል፤ ሐኪሙ ወተት ስላላዘዘልኝ እንክብሉን በሎሚ ውሃ እየዋጥኩ ጾሜን ቀጥያለሁ።