ውስኪ ቀምሶ ለመጻፍ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

“ቡርበኑ ገና 6 ዓመቱ ነው። ከ18 ዓመቱ ስኮች ጋር ምኑ ይወዳደራል?” ቡርበን የአሜሪካ ውስኪ ነው፤ ስኮች ደግሞ የስኮትላንድ። ይህችን አባባል ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እስቲ ከእሷ እንጀምር።

ቡርበን በሕግ የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። አዲስ እንጨት ቫኒላውንና የተቃጠለ ስኳር ጣዕሙን ቶሎ ይለቃል። በዚያ ላይ ቡርበን በብዛት የሚሠራባት የአሜሪካዋ ግዛት የኬንታኪ ሙቀት አለ፤ ውስኪውን ወደ እንጨቱ እየገፋ ያስገባዋል። ታዲያ 6 ዓመት እንዴት ለጋ ይባላል? አንዳንዱ ቡርበን 15 ዓመት ሲያልፈው እንጨት እንጨት ማለት ይጀምራል፤ ይመርራል። ስኮትላንዶች ደግሞ ቡርበን የወጣበትን በርሜል ገዝተው ሲንግል ሞልታቸውን (ከአንድ ፋብሪካ የሚወጣ የገብስ ብቅል ውስኪ) ይሞሉበታል። እንጨቱ ኃይሉን ቀድሞ ጨርሷል፤ አገሩም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ረጅም ዓመት ቢቆይ አይገርምም። ሁለቱን በአንድ ሜትር መለካት ይቅር። ደግሞ ጠርሙሱ ላይ 12 ተብሎ ከተጻፈ፣ ያ ውስጡ ከተቀላቀሉት ውስኪዎች የታናሹ ዕድሜ ነው። ሲንግል ሞልት ከአንድ ፋብሪካ ቢወጣም ብዙ በርሜል ይቀላቀልበታል፤ 20 ዓመት የሞላውም ሊኖርበት ይችላል።

ቀለም አይቶ መፍረድ ሌላው ነው። “ጠቆር ማለቱ የሼሪ (ጠንካራ የስፔን ወይን) በርሜል ምስክር ነው” ብለው አንድ አንቀጽ ሙሉ የሚጽፉ አሉ። ስኮች ላይ ካራሜል ቀለም መጨመር የተፈቀደ ነው! ቡርበን ላይ ግን ክልክል ነው። ምላሳችሁ ሳይናገር ዓይናችሁ ከቀደመ ተሸወዳችሁ ማለት ነው።

አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ መክተት። ወይን አይደለም፤ አልኮሉ አፍንጫችሁን ያደነዝዘዋል። አፍ ገርበብ፣ ብርጭቆው ራቅ፣ ቀስ ብሎ ቀረብ። በቃ።

ውሃ መጨመርን እንደ ነውር ማየት ያናድደኛል። 60 በመቶ አልኮል ያለውን ውስኪ በደረቁ ቀምሶ “ያቃጥላል” ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? የስዊድን ተመራማሪዎች በ2017 በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ውሃ ሲገባ ጓያኮል የሚባለው የጭስ መዓዛ ያለው ቅንጣት ወደ ላይኛው ገጽ ይሰበሰባል። መጀመሪያ በደረቁ ቅመሱ፣ ጻፉ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ጨምሩና እንደገና ጻፉ። በረዶው ለመዝናናት ይሁን፤ ሽታውን ስለሚያፍን ለግምገማ አይሆንም።

ጭስ ጭስ የሚሉትን ላፍሮይግ ወይም አርድቤግ ቀምሶ ወዲያው ለስላሳውን ግሌንሞራንጂ መገምገም ግፍ ነው። ጭሱ የበዛው መጨረሻ ላይ ይምጣ። ግን “የአይላ ውስኪ ሁሉ ጭስ ነው” እንዳትሉ፤ እዚያው የስኮትላንድ ደሴት ላይ ያለው ቡናሃቨን የተባለው ፋብሪካ አብዛኛው ምርቱ ጭስ የለውም።

100 ፕሩፍ (የአልኮል መጠን መለኪያ) የሚል የአሜሪካ ጠርሙስ አልኮሉ 50 በመቶ ነው፣ 100 በመቶ አይደለም። ይህንንም አንብቤያለሁ።

የጠርሙሱን ጀርባ መገልበጥ ደግሞ አለላችሁ። “የማር፣ የባሕር ጨውና የደረቀ ብርቱካን” የሚለው ከኩባንያው ጽሑፍ ከመጣ የእናንተ አፍ ምን ሠራ? አንድ ጊዜ ለጀማሪዎች አንዱኑ ቡርበን በሁለት ብርጭቆ ቀድቼ፣ አንደኛውን ውድ ነው አልኳቸው። ውዱ “ጥልቀት ያለው” ሆነ፤ ሌላው “ቀጭን”። ስነግራቸው የሳቁት ሳቅ! ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ሸፍነው ነው የሚቀምሱት። ጎበዞች ናቸው።

ነጥብ የምትሰጡ ከሆነ፣ ጠርሙሱ በተከፈተበት ምሽት አትስጡ። አየር ሲገባው ጣዕሙ ይለወጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽቶ ሳትቀቡ፣ ቡናም ሳትጠጡ ደግማችሁ ቅመሱና የፊተኛውን ማስታወሻ ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። ከተጣሉ ሦስተኛ ቀን ጨምሩ።