ማኅበራዊ ድጋፍ አገርን አረጋግቶ ያበለጽጋል ወይ? እንዴት ይመዘናል

«ድጎማ አገር ያረጋጋል» እና «ድጎማ ሰው ያሰንፋል» በሚሉ ወገኖች መካከል ያለው ክርክር መቋጫ የሚያጣው፣ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይለዩዋቸው። ጡረታና የሥራ አጥነት መድን አብዛኛውን ጊዜ ከሠራተኛውና ከአሠሪው በሚሰበሰብ መዋጮ ይቆማሉ። ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ በብዛት የሚወጣው ከግብር ነው። የነዳጅ ድጎማ ደግሞ ብዙ ለሚነዳው ያደላል፤ ከድሆች ድጋፍ ጋር በአንድ ቋት መክተት የለበትም።

ቀጥሎ «መረጋጋት» እና «ብልጽግና» ወደሚቆጠር ነገር ይለወጡ። የቤተሰብ ገቢ ከዓመት ዓመት ምን ያህል ይዋዥቃል? ሕመም ሲገጥመው ንብረቱን የሸጠው ስንቱ ነው? ስንት ሰው ሥራ ላይ አለ? ልጆች ስንት ዓመት ይማራሉ? መለኪያው መረጃው ከመታየቱ በፊት ይመረጥ፤ አለዚያ ሁሉም የሚወደውን ቁጥር ያገኛል። የጀርመን መራኄ መንግሥት የነበረው ቢስማርክ በአገሩ የጤና መድንን በ1883፣ የሥራ ላይ አደጋ መድንን በ1884፣ ጡረታን በ1889 ያስጀመረው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶች ለማራቅም ጭምር ነበር። በ1890 ምርጫ ግን ከሁሉም ፓርቲዎች የላቀ ድምፅ ያገኙት ሶሻሊስቶቹ ናቸው። በዚያ መለኪያ ፖሊሲው ከሽፏል፤ መድኑ ራሱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አገርን ከአገር ማወዳደር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ሀብታም አገሮች ለድጋፍ ብዙ ያወጣሉ፤ ግን ያበለጸጋቸው ወጪው ነው ወይስ ስለበለጸጉ ነው የሚያወጡት? ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አዶልፍ ዋግነር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢኮኖሚ ሲያድግ የመንግሥት ወጪም አብሮ እንደሚያድግ ጠቁሞ ነበር። በዚያ ላይ እንደ ዴንማርክ ያሉ አገሮች ከሰጡት ድጋፍ ላይ ግብር መልሰው ይቆርጣሉ። ስለዚህ ጥቅሉን ትተው የተጣራውን ወጪ ይያዙ።

የተሻለው መንገድ ማነጻጸሪያ ቡድን መፈለግ ነው። ሜክሲኮ በ1997 የጀመረችውን ፕሮግሬሳን (ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለሚልኩ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጥ መርሐ ግብር) ለመገምገም 506 መንደሮች ተመረጡ፤ 320ዎቹ በዕጣ ቀድመው ገቡ፣ 186ቱ ዘግይተው። ለልዩነቱ ዕጣው እንጂ የመንደሩ ሀብት ምክንያት ስላልነበር፣ የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ መጨመሩን ያለ ብዙ ጥርጣሬ ማሳየት ተቻለ። ፊንላንድ በ2017 እና 2018 ለ2000 ሥራ አጦች በወር 560 ዩሮ ሥራ ቢያገኙም ሳይቋረጥ ከፈለች፤ የሥራ ቀናቸው የጨመረው በጥቂቱ ነበር። ይሁንና በ2018 መጀመሪያ የሥራ አጦች ሕግ በመለወጡ የሁለቱ ውጤት ተቀላቀለ። በሙከራ መካከል ሌላ ሕግ መውጣቱን ሁልጊዜ ያጣሩ።

«ያሰንፋል» ለሚለው መልሱ ያለው ድጋፉ በሚቀነስበት ቀመር ውስጥ ነው። አንድ ሰው በወር 3000 ድጋፍ ያገኛል እንበል። 2000 የሚከፈልበት ሥራ ሲጀምር ከድጋፉ 1400 ይቀነስበታል፤ ግብር 200፣ መጓጓዣና የልጅ ጥበቃ 300 ይወስዱበታል። የሚተርፈው 100 ብቻ ነው፤ ከደመወዙ 95 በመቶው ጠፋ ማለት ነው። ሥራውን ቢተው ሂሳብ አዋቂ እንጂ ሰነፍ አይባልም። የባሰው ደግሞ ገቢ ከወሰኑ በጥቂት ሲያልፍ ድጋፉን በሙሉ የሚያቋርጥ ሕግ ነው፤ ሰዎች የደመወዝ ጭማሪ ይሸሻሉ ወይም ገቢ ይደብቃሉ። ድጋፉ በዝግታ፣ ለምሳሌ ለተጨመረ 100 ገቢ 40 ብቻ እየቀነሰ ሲሄድ ችግሩ ይቀላል፤ ግን ድጋፉ ከፍ ያለ ገቢ ላላቸውም ስለሚደርስ ወጪው ይጨምራል። የሥራ ፍላጎትንም በጀትንም በአንዴ ማዳን አይቻልም።

ተቀባዮችን የመምረጥ ስህተትንም ይቁጠሩ፦ ከሚገባቸው 100 ሰዎች ስንቱ ቀረ፣ ከሚቀበሉት 100 ስንቱ አይገባውም? መስፈርቱን ማጥበቅ ሁለተኛውን ቢቀንስም የመጀመሪያውን ያባብሳል። የሚቀሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀት ማሟላት የማይችሉት ናቸው።

በመጨረሻ ክፍያው ኢኮኖሚ ሲቀዘቅዝ በሕጉ መሠረት በራሱ ይጨምር እንደሆነ ይመልከቱ። የሥራ አጥነት መድን እንዲህ ነው፤ ሥራ ያጣ ሲበዛ ክፍያው ይበዛል፣ የገበያው መቀዝቀዝም በመጠኑ ይለዝባል። በየጊዜው አዲስ ውሳኔ የሚጠብቅ ድጋፍ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ቤተሰቡ ንብረቱን ከሸጠ በኋላ ነው።